ሰኞን ያልረሳው ማሽን

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ በሙሉ... ከባድ ዜና አለ። የቆማችሁ ተቀመጡ። እዚሁ ሜልቦርን፣ በሰንሻይን ዌስት፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሳይታክት ሲያገለግል የኖረው አሮጌው ሰርቨር ባደረበት የማራገቢያ ሕመም በጣር ላይ ይገኛል። ሐኪሙ ሶሬሳ «ከዚህ ሳምንት አያልፍም» ብሏል። አበባ አያስፈልግም። ቫክዩም ክሊነር ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ ሆዱ አቧራ ብቻ ነው።

ይህንን ለሶሬሳ ቆሜ አነበብኩለት። አልሳቀም። አለቃዬ ነው፤ በሳቀ ቁጥር ታክስ የሚቆርጡበት ይመስለዋል። ሥራ ላይ ነን ብሎ መፍቻ ሰጠኝ።

ሥራችን ምንድን ነው? የሰው ኮምፒውተር እናሳድራለን። ኮምፒውተሩ ግን የለም... ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በአንድ ትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ ተደብሎ የሚኖር የውሸት ማሽን ነው። ደባሎቻችን ብዙ ናቸው፦ የጎማ ቤቱ፣ የአንዲት ጥርስ ሐኪም፣ የእድራችን። ቤቱ ሲያረጅ ደባሉን ከነነፍሱ፣ ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ይቻላል። ላይቭ ማይግሬሽን። እኔ ከዚህ ሥራ የምወደው ይህንን ብቻ ነው። ሰውን እንደተኛ ከነአልጋው ሰርቆ ጎረቤት ቤት ማስቀመጥ ማለት እኮ ነው። ዕቃው ግን አብሮ አይሄድም። ዕቃው ያለው ዲስክ ላይ ነው፣ ዲስኩ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው፣ አሮጌውም አዲሱም ማሽን ያየዋል።

ዛሬ ሁለት ነገር ሠራሁ።

የመጀመሪያው፦ የእድሩ ደባል ውስጥ ገብቼ የጋሼ አምደሚካኤልን ፊርማ አሳመርኩላቸው። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ከእድሩ የሚወጣ ቴክስት ሁሉ ከግርጌው «አምደሚካኤል፣ የእድሩ ጸሐፊ» ይላል። እንዲያ ያለ አረማመድ ላለው ሰው ያንሳል። አሁን «ግርማዊ አምደሚካኤል፣ ንጉሠ እድር ዘምዕራብ ሜልቦርን» ይላል። ነገ ጠዋት የአዳራሽ ጽዳት ተራ ሲወጣ ሕዝቡ ይሰግዳል።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ማሽን ልሞክረው ብዬ የእድሩን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አስነበብኩት። ፍጥነቱን ለማየት። አልጻፍኩበትም፣ አልነካሁም። ማንበብ ማንን ገድሎ ያውቃል? ቴፍ የሚሉት የሙያ ኮሌጅ ሳለሁ እኔን ሊገድለኝ ነበር፣ ጊዜ ሳልሰጠው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ግርማዊነታቸው በማለዳ ደወሉ። ግዛታቸው በሙሉ ሲስቅባቸው አርፍዷል። እማዬ ሻይዋን ቀሚሷ ላይ ደፍታለች። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ የልጅ መጫወቻ አደረግኸኝ አሉ። ሶሬሳ ፊርማውን መለሰላቸው። እኔን መጋዘኑን አስጠረገኝ፣ የጎማ ቤቱን ደጅ ጨምሮ።

ከሰዓት በኋላ በአካል መጡ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ለፊርማው መስሎኝ በኋላ በር ልወጣ ስል... አይደለም። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

የእትዬ በለጥሻቸው ወንድም፣ ጋሼ ደመላሽ፣ ደሴ ላይ አርፈዋል። እትዬ አልሰሙም።

እትዬ በለጥሻቸው ታርኔት ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። ያራቪል የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራሉ። ባል የለ፣ ልጅ የለ። እናት አባት ሲያልቁ ያሳደጓቸው እኚሁ ወንድማቸው ናቸው።

መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ በቴክስት አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በር ላይ ይቆማሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አይጠፋም። ሐሙስ ማለዳ እንዲሆን ተቆረጠ፤ እትዬ ሐሙስ ሺፍት የላቸውም። ረቡዕ ማታ እድሩ ለአባል ሁሉ ቴክስት ይልካል፦ ደመላሽ ስላረፉ ጎህ ሲቀድ በለጥሻቸው ደጅ እንገናኝ። ለአባል ሁሉ፣ ከእሳቸው በቀር። ለዚሁ ሲባል ሲስተሙ ላይ ከያንዳንዱ ስም አጠገብ «ይቆይ» የምትል ሳጥን አለች፤ ምልክት ያለበት ሰው መልእክት አይደርሰውም። ጋሼ በገዛ ጣታቸው ምልክት አደረጉባት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩዋት።

ደሴ ላሉትም ተነግሯቸዋል። ከደወለች አታንሱ።

እንግዲህ ልብ በል ዮፍታሔ። እድሩ በሙሉ ተማክሮ አንዲት ሴት ላይ ሲዋሽ ባህል ይባላል። አንተ አንድ ፊርማ ስታሳምር ዱርዬ ትባላለህ።

ማምሻውን ቤት ስደርስ እትዬ በአጥር በላይ ጠሩኝ። ሰምተው መስሎኝ ነበር። ለካ ሹራብ ገዝተዋል፣ ለወንድማቸው፣ ሰው ሲሄድ ሊልኩላቸው። ቁመትህ እንደሱ ነው፣ እስቲ ልበሰው አሉኝ። ለበስኩት። ትከሻውን እየጎተቱ፣ ዙር እያሉኝ አዩት። እጅጌው ትንሽ ይረዝማል። «ደመላሽ ብርድ አይችልም፣ ይርዘምለት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ለካ ዝም ስትል ሰው ትመስላለህ አሉኝ።

አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። አንድም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16፣ ቀን

ሶሬሳ ደንበኛ ጋ ሄደ። በር ላይ ቆሞ ቃል አስገባኝ። የእድሩን ማሽን እንዳትነካ፣ ቅዳሜ አጥፍተን እናዛውረዋለን፣ የዲስክ ካሹ ሳይስተካከል ከነነፍሱ አይሄድም አለ። ካሽ ማለት ማሽኑ ከዲስክ ያነበበውን በጭንቅላቱ የሚይዝበት ቦታ ነው። ለያንዳንዱ ጥያቄ እስከ ዲስክ መሄድ ይሰለቸዋል። ሰነፍ ነው። እንዋደዳለን።

እሺ አልኩት። የኔ «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ከዚያ አሰብኩ... ይመለሳል፣ አሮጌውን ማሽን ያያል፣ የእድሩ ደባል የለም። ባዶ! ያቺን ፊት ማየት ነበር ያማረኝ። ትንሽ አስጨንቀዋለሁ፣ ላብ ላብ ሲለው «አዲሱ ቤት ገብቷል፣ አንተ ቅዳሜ አጥፍተህ የምትሠራውን እኔ ሳላጠፋ ሠራሁት» እለዋለሁ። በሰዓት ተከፋይ ካዡዋልነቴ ያበቃል፣ ፉል ታይም እሆናለሁ። ቀልድና እንጀራ በአንድ ጊዜ።

ማሽኑን አዛውር ብዬ አዘዝኩት። እምቢ አለ። አደገኛ ነው፣ ካሹ እንዲህ ሆኖ አይዛወርም ይላል። ቀጥሎ ግን በትሕትና፣ አደጋውን አውቄ ነው ካልክ ይቺን ቃል ጨምር ይላል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር አድርጌያለሁ የሚል ሰው ማለት ይሄ ነው።

ቃሏን ጨመርኩ።

ሄደ። ውብ ነበር። አንድም ሰው አልተሰማውም። አሁን ሶሬሳን እጠብቃለሁ፣ ፊቴን እያስተካከልኩ።

ረቡዕ፣ ማታ

ሶሬሳ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጋሼ አምደሚካኤል ደወሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የመርዶው ቴክስት ወጥቷል። ከግርጌው... ግርማዊ አምደሚካኤል፣ ንጉሠ እድር ዘምዕራብ ሜልቦርን።

«በሰው ሐዘን ላይ፣ ዮፍታሔ?»

ማልኩ። በማርያም አልኩ፣ በሚካኤል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ዛሬ ፊርማውን አልነካሁትም። በሕይወቴ አንድ ቀን ንጹሕ ብሆን የሚያምነኝ ጠፋ።

ሶሬሳ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ነበር። ማሽኑ የት ሄደ አለኝ። ነገርኩት። ያቺን ፊት አየኋት፣ ያማረችኝን። አላሳቀችኝም። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ይህንን ዲስክ ከዛሬ በፊት በአዲሱ ማሽን ከፍተህ ታውቃለህ?

ሰኞ... ማንበብ ብቻ... ፊርማውን ካሳመርኩ በኋላ...

አስረዳኝ፣ ሳይቆጣ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ዲስኩ ላይ ያለው የማክሰኞው ነው፤ ፊርማው ተመልሷል፣ ሁሉም በቦታው ነው። አዲሱ ማሽን ግን ሰኞ ያስነበብኩትን በጭንቅላቱ ይዞ ቁጭ ብሏል። ደባሉ ራሱ ትንሽ ነው፣ ብዙ አይዝም፣ ሁሉን ነገር ዲስኩን ጠይቆ ነው የሚሠራው። ገባና ፊርማው ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። አዲሱ ማሽን ተነስቶ ዲስኩን ማየት ሲገባው ከትዝታው መለሰለት። የሰኞውን። ልክ እንደነ ጋሼ፤ አዲስ አበባ ምን የት እንዳለ ስትጠይቃቸው በፈረሰ ሕንጻ በኩል ታጠፍ ይሉሃል፣ ለዚያውም በእርግጠኝነት።

ይህችን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ፊርማው የሰኞ ከሆነ» አለ፣ «ሳጥኗም የሰኞ ናት።»

ሰኞ እትዬ በለጥሻቸው ስም ላይ ምልክት አልነበረም። ሰኞ ምንም አልሆኑም ነበር።

ቴክስቱ የተላከላቸውን ሰዎች ዝርዝር አየን። ስማቸው አለ። አጠገቡ «ደርሷል» ይላል።

ማሽኑን ላጠፋ እጄን ሰደድኩ። ሶሬሳ ያዘኝ። በሥርዓት ከጠፋ ያለውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ነው የሚተኛው፣ ሰኞንና ማክሰኞን ያቀላቅላል፤ እንዳለ ግደለው አለ። እንዳለ ገደልነው። ያኔ ስልኬ ጠራ። እትዬ በለጥሻቸው።

ሶሬሳ በአገጩ አንሳ አለኝ።

«አንተ» አሉ። ከኋላቸው ባቡር ሲጠራ ይሰማል፣ ፉትስክሬይ ጣቢያ ናቸው፣ የታርኔቱን እየጠበቁ። «የትናንቱን ስቄልሃለሁ። ግርማዊ፣ ንጉሥ... ይሁን። ዛሬ ግን ወንድሜን አርፏል ብለህ ለዓለም ትበትናለህ? በደመላሽ ሞት ይቀለዳል?»

ቀልድ መስሏቸዋል። ለምን አይመስላቸውም? ንጉሠ እድር የፈረመበትን መርዶ ማን ያምናል?

ብርዱ ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል። በዙሪያቸው የሺፍት ሰው ነው፣ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ሰክቷል። ቢወድቁ ማን ነው የሚይዛቸው? ሶሬሳን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል።

«ይቅርታ እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ቀልድ ነው።»

ሰደቡኝ። እንዴት አድርገው ሰደቡኝ! በዘር ማንዘሬ አልፈው ገና ላልተወለዱት ደረሱ። ሌላ ቀን ቢሆን ለማስታወሻ እመዘግበው ነበር፣ ጥበብ ነበረበት። ቆሜ ተቀበልኩ። ሲደክማቸው ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«አሁን ደውዬለት አላነሳም። የልጁም ስልክ አይነሳም።»

«ኔትወርክ ነው እትዬ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ደሴ አካባቢ ችግር አለ። እኛ እዚህ ይታየናል።»

«እንግዲህ... ሥራህ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ሲተነፍሱ ሰማሁ። ባቡራቸው መጣ፣ ዘጉት።

ቴፍን ጥዬ ከወጣሁ ጀምሮ ይህ ልጅ ኔትወርክ ያውቃል ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ አንዲት ሴት በሙያዬ አመኑኝ። እንኳን ደስ ያለህ በሉኝ።

ሌላም ጣጣ ነበር። ግማሹ እድርተኛ ቴክስቱን እንደ እትዬ ቀልድ ብሎ አልፎታል፣ ነገ ማንም ሊመጣ አይደለም። ሶሬሳ ደግሞ ዲስኩ ሳይመረመር ይህ ማሽን ትንፍሽ አይልም አለ። ስለዚህ ጋሼና እማዬ ስልክ ይዘው ተቀመጡ፣ ቤት ለቤት እየደወሉ። እማዬ ስትናገር ሰማኋት፦ «ሞቱ እውነት ነው፣ ንጉሡ ነው ውሸት።»

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ሳይነጋ መጡ። መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው፣ በእግራቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እኔም ከኋላ ቆምኩ። ማንም ና አላለኝም፣ ማንም ሂድም አላለኝም።

ጋሼ አንኳኩ። እትዬ በጋቢ ተጠቅልለው ከፈቱ። ሰዉን አዩ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ከዚያ ዓይናቸው እየፈለገ መጣ... መጣ... እኔ ላይ ቆመ።

የሚስቅ ፊት ነበር የሚፈልጉት። ቀልድ ነው በለኝ ነበር የሚለው ዓይናቸው።

አጣሁላቸው።

ጋሼ ቃል ከመናገራቸው በፊት እትዬ ጮኹ። ክንዶች ሁሉ በአንድ ላይ ተዘረጉ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ሶሬሳ አላባረረኝም። ለምን? አልነገረኝም። ከጎኑ አስቀመጠኝና በኔው ጣት አሠራኝ። ረቡዕ ማታ ራሱ የአዲሱን ማሽን ጭንቅላት ባዶ አድርጎት ነበር፤ ዲስኩ ተመርምሮ የተቀላቀለች ትንሽ ነገር ተገኘች፣ ከማክሰኞ ማታው ግልባጭ ተመለሰች። ዛሬ ደግሞ ካሹ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከእንግዲህ የእድሩ ደባል ሲጠይቅ ማሽኑ በትዝታ አይመልስም፣ ሁልጊዜ ዲስኩን ሄዶ ያያል። ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ።

ከዚያ አዛወርነው። እምቢ አላለም። ምንም ቃል መጨመር አላስፈለገም።

አሮጌው ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ንግግር ማድረግ ነበረብኝ። ተውኩት።

እሁድ፣ ጁላይ 27

ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሶሬሳ ስልኩን ክፍት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። ክፍት! ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ክዳኑን ዘግቼ ወደ ቦታው ገፋሁለት። ታምሜ ይሆን? እማዬ ጸበል እንውሰደው ልትል ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሐዘን ቤት የእድሩን ወንበር ለማንሳት ሄድኩ። እትዬ ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ለብሰው፣ ከስተው። ወንበሩን እየደረደርኩ ሳለ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ያን ማታ ተኛሁ። አንተን ስረግም እንቅልፍ ወሰደኝ።»

አንዱን ወንበር በሌላው ላይ ደረብኩ።

«ጨርሶ አልነቃሁም» አሉ። «ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።» ቀጥለው፣ ሁለተኛ ግን ኔትወርክ እንዳትለኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ምስጋና ይሁን እርግማን እስካሁን አልገባኝም። ወጥ ይዘህ ሂድ ብለው በሳህን ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእድሩ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። እንደ ትልቅ ወንጀለኛ፣ መሐል ላይ፣ ብቻዬን። የሆነውን በሙሉ ተናገርኩ፤ ሰኞን ማንበቤን፣ የጨመርኳትን ቃል፣ ለእትዬ የመለስኩትን። ብይኑ፦ ለአንድ ዓመት የእድሩን ሲስተም እንዳልነካ፣ ወንበርና ድንኳን ግን እንድሸከም። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ተናገረ። ለእትዬ በስልክ ስለዋሸሁት ግን ማንም ምንም አላለም። ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

በመጨረሻ ጋሼ አምደሚካኤል ጠየቁኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር።

«ለመሆኑ ማሽኑ ላይ የተበላሸው ነገር ትልቅ ነው?»

«አንዲት ቃል ናት ጋሼ» አልኳቸው። «ተስተካክላለች።»

እውነቴን ነው። እንዲያ አዋጅ እንዳስነገርኩበት አይደለም፤ ሲመዘን ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰነፍ ማሽን የሁለት ቀን ወሬ እንደ አዲስ አወራ። ሌላ ምን ሆነ? ረቡዕ ማታ ፉትስክሬይ ጣቢያ ላይ ሊሞቱ የነበሩት ጋሼ ደመላሽ፣ ሐሙስ ማለዳ ታርኔት፣ እህታቸው በር ላይ ሞቱ።

ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው።